ከብሎን ጋር የተሸጠው ሶፍትዌር

ይድረስ ጆሮዬን እየቆነጠጠች ላሳደገችኝ ለታላቅ እህቴ፤

እንደምን ሰንብተሻል እታለም? ደግሜ፣ እንደምን ሰንብተሻል? ወገብሽን እንዴት አደረገሽ? ዓይንሽስ መርፌ ቀዳዳ ያገኛል ወይስ አሁንም ክሩን በምራቅሽ እያሾልሽ ትረግሚዋለሽ? የእማዬ ጉልበት ተሻላት? ባለቤትሽ ጋሼስ ሳሉ ለቀቃቸው? ሚጢጢዋ ልጅሽ የወተት ጥርሷን ጨርሳ አወለቀች ወይስ እኔ ስመጣ የምስቅባት አንድ ሁለት አስቀርታልኛለች? የጥልፍ መኪናዋስ ደህና ናት? እሷንም እንደ ቤተሰብ ስለምቆጥራት ነው መጠየቄ። ጋሼ ብርድ ልብስ ሲያጡ እሷ ተሸፍና ታድራለች ሲሉ ሰምቻለሁ።

እኔ እንደምታውቂኝ ነኝ። ክብደቴ አልጨመረም፣ አመሌም አልቀነሰ። ሥራዬ ያው የሕትመት ቤቱ ነው። ፎቶ ኮፒ አነሳለሁ፣ ባነር እጠቀልላለሁ፣ ቢዝነስ ካርድ እቆርጣለሁ። የቤቱ ባለቤት አሁንም ያው «ስቴፕለር» ብዬ ስም ያወጣሁላቸው ሴትዮ ናቸው፤ አንድ ቃል ቀጭ ያደርጉና ሰውየውን ከግድግዳው ጋር አያይዘውት ይሄዳሉ። ዲዛይን የሚሠራው ባልደረባዬ ደግሞ «ኢንጂነሩ» ነው። የተማረው ሌላ ትምህርት ነው፤ ግን የማያውቀው ነገር ስለሌለ ማዕረጉን ከእኔ በነጻ አግኝቷል። ባለፈው ሰሞን ድምፄን እንደ አሮጊት አድርጌ ደወልኩለትና «ልጄ፣ እንቁላል ላይ የልጅ ልጄን ፎቶ ታትሙልኛላችሁ?» ስለው፣ «ጥሬ ነው ቅቅል፣ እማማ?» ብሎ ጠየቀኝ። እኔ ልሙት አልዋሸሁሽም። ከመጋረጃው ጀርባ ሆኜ ስልኩን ነክሼ ነው ሳቄን የያዝኩት።

እንዲህ የምለው ግን አፌ ስለለመደ ነው እንጂ ሰሞኑን መቀመጥ አቅቶኝ ነው የሰነበትኩት። ይህንን ደብዳቤ እንኳን ሁለት መስመር እጽፍና እነሳለሁ። መስኮቱ ጋ ሄጄ መንገዱን አያለሁ፣ መንገዱ ላይ ምንም የለም፣ ተመልሼ እቀመጣለሁ፣ እስክሪብቶውን እከፍታለሁ እዘጋለሁ። ጎረቤቴ ነርሷ እሑድ ወደ እናንተ አገር ትበራለች። የምትይዝልኝ ዕቃ ጠረጴዛዬ ላይ ተጠቅልሎ ተቀምጧል። ዕቃው የላክሽኝ ጉዳይ ነው፤ ከዕቃው በፊት ግን እንዴት እንደመጣ ማወቅ አለብሽ።

የጻፍሽልኝን በቃሌ ይዤዋለሁ። ከፋብሪካው ሥራሽ ወጥተሽ ያንን የጥልፍ መኪና ገዛሽ፣ እሷ ግን ከሆዷ ይዛው ከመጣችው አበባና ቢራቢሮ በቀር አልጠልፍም አለች። ሌላ እንድትጠልፍ ሥዕልን ወደ ስፌት የሚለውጥ ሶፍትዌር ያስፈልጋታል። የትምህርት ቤቱ ዳይሬክተር ደግሞ የተማሪዎቹን ሹራብ በሙሉ ላንቺ ሊሰጡሽ ነው፤ ደረቱ ላይ ክንፉን የዘረጋ ወፍ፣ ከሥሩ የትምህርት ቤቱ ስም። ወፉ በቢራቢሮ ይተካ ብትያቸው አይሰሙሽም። ትምህርት ከመከፈቱ በፊት ናሙና ካላሳየሻቸው ሥራው ወደ ሌላ ሰው ይሄዳል፣ አንቺም ወደ ፋብሪካው። «አደራ፣ ከአንተ ቀልድ አይደለም የምፈልገው። የሚሠራና የማያሳፍረኝ ነገር ፈልግልኝ» ብለሽ ጻፍሽ። ይቺ «የማያሳፍረኝ» የምትለው ቃል ናት ጨጓራዬን የላጠችው። ለእኔ ቁም ነገር ስትሰጪኝ የመጀመሪያሽ ነው እኮ! እማዬ እንኳን ጨው ግዛ ብላ ስትልከኝ ከኋላዬ ሰላይ ትልክብኝ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት የሶፍትዌሩ ፋብሪካ ወኪል ቢሮ ነው። የመስታወት በር፣ ጥርስ የሚያንቀጫቅጭ ቀዝቃዛ አየር፣ እግር የሚውጥ ምንጣፍ። ድሃ እንዳልመስላቸው ደረቴን ነፍቼ «ከሁሉም የሚበልጠውን፣ ሁሉንም የሚሠራውን» ብዬ ጠየቅሁ። ዋጋውን ሲነግሩኝ «ሶፍትዌሩን ብቻ ነው ወይስ ከነሕንፃው?» አልኩ። አልሳቁም። እኔም በሩን የሚገፋ መስሎኝ ስገፋው፣ የሚሳብ ኖሯል፣ ከመስታወቱ ጋር ግንባር ለግንባር ተሳስመን ወጣሁ።

ኢንጂነሩ ነው እንግዲህ «ምን አደከመህ፣ የኮምፒውተር ኤግዚቢሽን ተከፍቶ የለም እንዴ? እዚያ ሶፍትዌር በቅናሽ ነው የሚሸጠው» ያለኝ። ከሥራ ስወጣ በዚያው ሄድኩ። አዳራሹ መጋዘን የሚያህል ነው። ወለሉ ላይ ሰው እንዳያደናቅፍ ተብሎ በፕላስተር የተለጠፈ ገመድ አለ፣ ሰው ሁሉ በፕላስተሩ ይደናቀፋል። እያንዳንዱ ሱቅ የራሱ ድምፅ ማጉያ አለው፤ አንዱ ማተሚያ ሲያወድስ ሌላው ያንኑ ማተሚያ ይረግማል። ፌስታል በነጻ ይሰጣል። ሰዉ ፌስታል በፌስታል ውስጥ ከትቶ ምንም ሳይገዛ ተሸክሞ ይዞራል። እኔ ደግሞ መሬት ላይ «አዘጋጅ» የሚል የአንገት ካርድ ወድቆ አገኘሁና አጠለቅሁት። ከዚያማ ምን ልበልሽ፣ ሽንት ቤት የሚፈልገው ሁሉ ወደ እኔ መጣ። እኔም የሂሳብ ማሽን ይዞ ብቻውን ወደተቀመጠ አንድ ምስኪን ሻጭ ላክኋቸው፤ ሰውየው በሕይወቱ እንደዚያ ቀን ገበያ ደርቶለት አያውቅም። ሁለቱ እንደውም ገዝተው ነው ሽንት ቤት የሄዱት።

ሶፍትዌር የሚሸጡት ዳር ላይ ነበሩ። የመጀመሪያው ልጅ ሲዲዎቹን እንደ ካርታ ጨዋታ ዘርግቷቸዋል፤ ስማቸው በእስክሪብቶ ነው የተጻፈው፣ ያውም በጠማማ። «ሕጋዊ ነው?» አልኩት። «ይሠራል» አለኝ። «ሕጋዊ ነው ወይ ነው ያልኩህ።» «ካልሠራ መልሰው» አለኝ። ደግሜ ስጠይቀው «አንተ ፖሊስ ነህ ገዢ?» ብሎ የአንገት ካርዴን አየና ዕቃውን መሰብሰብ ጀመረ። ቀጥላ ያለችው ሴት ልጅ ለተማሪ ብቻ የሚሸጥ ነበራት። «ተማሪ ነህ?» አለችኝ። «ነበርኩ።» «እስከ መቼ?» «አስተማሪው እስኪመረው።» ሳቀች፤ ስትስቅ ደስ ትላለች። ላንቺ እንደሆነ፣ አንቺም ለገበያ እንደምትጠልፊ ስነግራት ግን ሲዲውን ከእጄ ወሰደች። «ይሄ ለመማሪያ እንጂ ለንግድ አይሆንም፣ እህትህን አታስቸግራት» አለችኝ። አንጀቴን አራሰችው፣ ባዶ እጄን ግን ሰደደችኝ።

ሦስተኛው ሰባኪው ነው። ስሙን ያወጣሁለት ገና አፉን ሲከፍት ነው። ድምፁ ከሆዱ ይመጣል፣ ሲያወራ እጁን ደረቱ ላይ ይጭናል። ያንቺ ሶፍትዌር ነበረው፣ ያውም ትልቁ፣ የታሸገ፣ ብርሃን ሲነካው ቀለሙን የሚለዋውጥ ተለጣፊ ያለበት። ዋጋው ግን ከወኪሉ ቢሮ ሲነጻጸር የመዋጮ ያህል ነው። «የኔ ወንድም፣ ይሄ ኦርጅናል ነው። እኔ ኮፒ በእጄ አልነካም፣ ቤቴም አይገባም» አለኝ። ታዲያ ለምን ረከሰ አልኩት። ፋብሪካው አዲስ ማሽን ለሚሸጡ ነጋዴዎች ከማሽኑ ጋር አብረው እንዲሰጡት በጅምላ የሚያወጣው ስለሆነ ነው፤ ካርቶን የለው፣ መጽሐፍ የለው፣ አለኝ። «እኔ እኮ ማሽን አልገዛሁም» ስለው፣ «ትገዛለሃ!» አለና ከጠረጴዛው ሥር ካለ ጣሳ ውስጥ አንዲት ብሎን አውጥቶ መዳፌ ላይ አኖራት። «ይኸውልህ። ብሎን የማሽን አካል ናት። ማሽን ገዛህ ማለት ነው። ሕጉ ተሟላ።»

እታለም፣ እኔ ስቀልድ ከንፈሬ ጫፍ ላይ አንድ ነገር እንደሚንቀጠቀጥ አንቺ ነሽ የነገርሽኝ። የሰባኪውን ከንፈር አፍጥጬ አየሁት። ምንም አይንቀጠቀጥም። ሰውየው የምሩን ነው! ዘወር ስል ከጀርባዬ አንድ ኮት የለበሰ ሽማግሌ ሦስት ብሎን መዳፉ ላይ ይዞ ሦስት ማሽን እንደገዛ ሰው ደረቱን ነፍቶ ቆሟል። እኔ ብቻ ነኝ የምስቀው። እንዲህ ዓይነት ቦታ ላይ ብቻህን ስትስቅ ሞኙ አንተ የሆንክ ይመስልሃል። ከፈልኩ። ብሎኗን በወረቀት ጠቅልሎ፣ «ማሽንህን እንዳትጥል» ብሎ ሰጠኝ።

ቤት ገብቼ በአሮጌዋ ላፕቶፔ ከፈትኩት። የላክሽውን የወፍ ሥዕል ሰጠሁት። አሰበ፣ አሰበ፣ ከዚያ ወፉ ክር በክር ሆኖ ብቅ አለ። ላባው ሁሉ በየአቅጣጫው ተሰፍቶ፣ ክንፉ ላይ ክሩ ዘወር ሲል ብርሃኑ አብሮ ሲዞር። አፌን በእጄ ያዝኩ። ዳይሬክተሩ ይህንን ቢያዩ ሹራቡን ትተው የራሳቸውን ኮት ያስጠልፉ ነበር። ስልክ አንስቼ ልደውልልሽ ስል ከታች አንዲት መስመር ጽሑፍ አየሁ። መክፈቻ ቁጥሩን ከፋብሪካው ሰዎች በስልክ ካልወሰዱ ፕሮግራሙ ከወር በኋላ ይዘጋል፣ ትላለች። ስልኩን አስቀመጥኩ። የሹራቡ እኩሌታ ተጠልፎ እኩሌታው ሲቀር፣ ወፏ አንድ ክንፏን ዘርግታ ስትቀር ታየኝ። ከዚያ ሰዓት ጀምሮ ነው መቀመጫዬ እሳት የሆነብኝ።

በማግስቱ ሥራ ቦታ አማከርኩ። ኢንጂነሩ «ሕጋዊ ነው። ሲዲው ኦርጅናል፣ ገንዘቡን ከፍለሃል፣ ማንን ሰረቅክ? ደውልና ማሽን አለኝ በላቸው፣ መጥተው አያዩህ» አለ። ስቴፕለር ብሎኗን ተቀበሉኝና መነጽራቸውን ዝቅ አድርገው አገላብጠው አዩዋት። «ማሽኑ ይቺ ናት?» «አዎ።» «እስቲ አስነሳት» አሉና መልሰው መዳፌ ላይ አስቀምጠዋት ሄዱ። ቀጭ! ግድግዳው ላይ ቀረሁ። ያን ቀን ልቤ ከእጄ ጋር አልነበረም። የጥርስ ሐኪሙን ካርድ ክምሩን መቁረጫው ውስጥ አስገብቼ፣ መስመሩን ሳላይ ተጭኜ፣ ሐኪሙን ከነስማቸው ለሁለት ከፈልኳቸው። ግማሹ ካርድ ላይ «ዶክ»፣ ግማሹ ላይ «ተር»። ኢንጂነሩ «ለሁለት በሽተኛ ይበቃል» ብሎ ሳቀ። በሌላ ቀን ቢሆን እኔ ነበርኩ ይህንን የምለው። ያን ቀን ግን ቀልዱ ራሱ አልመጣልኝም፣ እንደዚህ ሆኜ አላውቅም።

በምሳ ሰዓት ከሱቁ ጀርባ፣ ባዶ ካርቶኖቹ መሃል ቆሜ ደወልኩ። አንዲት ሴት አነሳች፣ ድምፅዋ ትሁት ነው። የሲዲውን ቁጥር ሰጠኋት፣ ጻፈች። «ትክክለኛ ነው ጌታዬ፣ የእኛ ነው» ስትለኝ ልጨፍር ትንሽ ነው የቀረኝ። «ይህ ግን ከማሽን ጋር የሚሸጠው ዓይነት ነው። አብሮት የተሸጠው ማሽን አሁን አጠገብዎ አለ?» አለችኝ። እታለም፣ «አዎ» ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ። አንዲት ቃል! እኔ ድምፄን አወፍሬ የፋብሪካ ባለቤት ልሆንላት እችል ነበር፣ ከጀርባ የማሽን ድምፅ በአፌ ላሰማት እችል ነበር። አፌን ከፈትኩ። ከዚያ አንቺ መጣሽብኝ። መኪናዋ አንድ ቀን መበላሸቷ አይቀርም፣ ኮምፒውተሩም። ያኔ ይህንን ቁጥር የምትደውዪው አንቺ ነሽ፣ ይህችኑ ጥያቄ የምትጠየቂው አንቺ ነሽ። አንቺ ደግሞ ስትዋሺ አንገትሽ የሚቀላ፣ ሳይጠይቁሽ የምትናዘዢ ሴት ነሽ። በስልክ እንኳን ቅላትሽ የሚሰማ ይመስለኛል። ለእኔ የአንድ ቀን ጨዋታ የሆነውን ውሸት ጠቅልዬ ለዕድሜ ልክ ልልክልሽ ነበር። «አንድ ጊዜ» አልኳትና ስልኩን ዘጋሁባት።

ሱቁን ዞርኩት። ሰፈሩን ዞርኩት። ስቴፕለር በመስኮት ሳልፍ አይተውኝ ሰዓታቸውን አሳዩኝ፣ እኔ ደግሞ በእጄ ሰላምታ ሰጥቻቸው እንደገና አለፍኩ። ከዚያ ደግሜ ደወልኩ። ያችው ሴትዮ ናት ያነሳችው። «ቅድም የዘጋሁብዎት ነኝ። ማሽኑ አጠገቤ አለ፣ ግን ብሎን ነው» አልኳት። «ይቅርታ፣ ምን አሉኝ?» «ብሎን። ጥርስ ያላት፣ የምታጠብቅ።» ከዚያ ታሪኩን አንድም ሳላስቀር ነገርኳት፣ ሰባኪውን፣ ጣሳውን፣ ሽማግሌውን። ስትስቅ ሳቋ በአፍንጫዋ ወጣ፤ እጇን ስልኩ ላይ አድርጋ ለሌላ ሰው «ኑ ስሙ፣ ኑ» ስትል ሰማኋት። ስቃ ስትጨርስ ግን ድምፅዋ ተመለሰ። ሲዲው የውሸት አይደለም፣ ፈቃዱ ግን የሚሸጠው ከሙሉ ማሽን ጋር ነው፣ በብሎን አይሟላም፣ ስለዚህ ልከፍትልዎ አልችልም አለችኝ። እህትዎ በትክክል ምን መጥለፍ ነው የሚፈልጉት ብላ ጠየቀችኝ። ይህንን ጥያቄ እስከዚያ ቀን ድረስ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ወፍና ስም አልኳት። ለጀማሪ የሚሸጥ ትንሹ ዓይነት እንዳለ፣ ስምና በእጅ የሚሣል ሥዕል እንደሚጠልፍ፣ ለንግድም እንደተፈቀደ ነገረችኝ። የት ነው የሚገኘው ብዬ ስጠይቃት ያንን ምንጣፋም ቢሮ ጠራችልኝ። እኔ ደረቴን ነፍቼ ትልቁን ስጠይቅ ትንሹ ከጀርባቸው መደርደሪያ ላይ ቁጭ ብሎ ይታዘበኝ ኖሯል!

ገንዘቤ ግን ሰባኪው ጋ ነበር። በማግስቱ ኤግዚቢሽኑ ጋ ሄጄ መልስልኝ ስለው «የኔ ወንድም፣ የተከፈተ ዕቃ አይመለስም» ብሎ እጁን ደረቱ ላይ ጫነ። እኔም አልተጣላሁትም፣ ሙች። ሱቁ ፊት ቆምኩና ብሎኗን ከፍ አድርጌ ይዤ፣ በጨዋ ደንብ፣ ትንሽ ጮክ ብዬ «ጋሼ፣ ማሽኔ አልነሳ አለኝ፣ ሶኬቱን የት ጋ ነው የምሰካው?» አልኩት። ሁለት ሰዎች ቆሙ። «ዋስትናዋ የስንት ዓመት ነው? ዝገት ይሸፍናል?» አልኩ። አምስት ሰዎች ቆሙ። አንዲት እናት ልጇን «ይኸውልህ፣ ኮምፒውተር ድሮ እንዲህ ነበር» ስትለው ሕዝቡ በሳቅ ፈረሰ። «ባትሪ ትፈልጋለች ወይስ በቁልፍ ነው?» ስል ሰባኪው ክንዴን ይዞ ወደ መጋረጃው ጀርባ ወሰደኝ። እዚያ ድምፁ ከሆዱ መምጣቱን ተወ። «ወንድሜ፣ እኔ ሌባ አይደለሁም፣ እኔም እንደዚያ ተብዬ ነው የገዛሁት» አለኝ። ፊቱን ሳየው አምኜዋለሁ፤ ደግሞም ትንሽ አሳዘነኝ። ገንዘቤን መለሰልኝ፣ ሲዲውን መለስኩለት፣ ከላፕቶፔም አጠፋሁት። ብሎኗን ግን «ለማሽን ኪራይ አስቀርቻታለሁ» ስለው ሳይወድ ሳቀ። ያ ሽማግሌ እዚያው ነበር፣ አራተኛ ብሎን ሊገዛ። ነገርኩት፣ አልሰማኝም።

ዛሬ ትንሹን ከወኪሉ ቢሮ ወሰድኩልሽ። በነርሷ እጅ የሚመጣው እሱ ነው። አሁን የማይጣፍጠውን ልንገርሽ። ይህኛው ሥዕል ሰጥተሽው አስቦ ወደ ስፌት አይለውጥልሽም። ወፉን አንቺ ራስሽ ኮምፒውተሩ ላይ ላባ በላባ መሣል አለብሽ፣ ክሩ በየት በኩል እንደሚሄድ አንቺ ነሽ የምታዢው። ያ የትልቁ ወፍ ክንፉ ላይ ብርሃን የሚያዞረው ነገር አይኖርሽም። እኔ ለሙከራ አንድ ላባ ሣልኩና ማንኪያ መሰለ። አንቺ ግን በሳሙና ቁራጭ ጨርቅ ላይ በዓይንሽ ለክተሽ የምትሥይ ሰው ነሽ፣ እጅሽ ያውቅበታል ብዬ ነው የወሰንኩት። ፕሮግራሙን እስክትለምጂው አትጠብቂ፣ ነገ ዛሬ ሳትይ ዳይሬክተሩ ጋ ሂጂና ላባው የቀነሰ፣ ጠንከር ያለ ወፍ ይቀበሉ እንደሆን ጠይቂያቸው። እምቢ ቢሉስ? ይህንን ነው መልሼ መላልሼ የማስበው። እምቢ ካሉሽ ሹራቡ ከእጅሽ ይወጣል፣ ያወጣሁትም እኔ ነኝ። ኢንጂነሩ «አንዲት አዎ ብትላት ኖሮ እህትህ አሁን ወፏን ታበር ነበር፣ ጅል» ብሎ ቀኑን ሙሉ ሲስቅብኝ ዋለ። እንቁላሉን ብጠቅስበት ዝም ይል ነበር፣ እሱም ከአፌ አልወጣ አለ። ልቤ አሁንም አላረፈም እታለም፣ አረፈ ብዬ አልዋሽሽም።

አንድ ነገር ግን አለ። የወኪሉ ቢሮ ጸሐፊ ዕቃውን ሲያስረክበኝ «ፈቃዱ በማን ስም ይመዝገብ?» አለኝ። አመሌ መጥቶ አንድ የማይረባ ስም ምላሴ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ከዚያ አሰብኩት። ቤቱ በጋሼ ስም ነው። መብራቱ በጋሼ ስም ነው። መኪናዋ ራሷ ስትገዛ ደረሰኙ በጋሼ ስም ነው የተቆረጠው። ስልክሽ እንኳን እኔ ያወጣሁልሽ ስለሆነ በእኔ ስም ነው፣ ሳትፈሪ ትደውዪበታለሽ እንጂ! እናም ያንቺን ስም፣ ከነአባታችን፣ ከነአያታችን፣ ፊደል በፊደል አስጻፍኩ። ጸሐፊው «የፈቃዱ ባለቤት እሳቸው ናቸው?» አለኝ። «እሳቸው ናቸው» አልኩት፤ አንቺን እሳቸው ስል የመጀመሪያዬ ነው፣ እንዳትለምጂው። ፕሮግራሙን ስትከፍቺው ከወፍም ከአበባም በፊት መጀመሪያ የሚወጣው ያ ስም ነው። «ይህንን የመጠቀም ፈቃድ የተሰጠው ለ» ይልና፣ አንቺ። የትኛውም ዳይሬክተር፣ የትኛውም ፖሊስ፣ እዚያች ትሁት ሴትዮ ጋ ደውሎ ቢጠይቅ የሚነገረው እሱ ነው። ስትከፍቺው እማዬን ከአጠገብሽ አስቀምጫት፣ ቶሎ እንዳታሳልፊው፣ ጮክ ብለሽ አንብቢላት።

ለእማዬ ጉልበቷን ስሜያለሁ በይልኝ፤ ታመመኝ ያለችውን ሁለቴ፣ ደህናውንም እንዳይቀየም አንዴ። ጋሼን ከአክብሮት ጋር እጅ ነስቻለሁ፤ በስምዎ ያልሆነ ነገር ቤትዎ ሊገባ ነውና አይደንግጡ በያቸው። ሚጢጢዋን ድዷን ሳሚልኝ። አጥሩ ሥር ለሚተኛው ሰነፍ ድመትም ሰላም በይልኝ፣ ካልተነሳልሽ ተዪው። አንቺን ግን፣ ጆሮዬን ከዚህ ሆኜ አቅርቤልሻለሁ፤ ጥፋት ነው ካልሽ ቆንጥጪኝ፣ አይደለም ካልሽም አንዴ ቆንጠጥ አድርጊኝ፣ ናፍቆኛል።

አመለኛው ታናሽ ወንድምሽ

ከሕትመት ቤቱ ጀርባ ከተከራየኋት ክፍል፣
ዓርብ ነሐሴ 14 ቀን